ሳያዩ ለገባቸው

ይኸው በመጨረሻ «ቢይንግ ጆን ማልኮቪች»ን አየሁት። ፊልሙ በፈረንጆቹ 1999 የወጣ ነው፤ እኔ ያየሁት ባለፈው ቅዳሜ። እስከዚያ ድረስ ግን ስለሱ ሳወራ ነው የኖርኩት፣ ያውም በደንብ። አይቼ ተበላሸሁ።

ፊልም ሳያዩ የሚያብራሩ ሰዎች ክብር ይገባቸዋል። ያየማ ያሳዝናል። አሻንጉሊት የሚያጫውት ሥራ ፈት ሰውዬ አለ፣ ሥራ ያገኘበት ቢሮ ሰባት ተኩልኛ ፎቅ ላይ ነው፣ አዎ ተኩል፣ ጣሪያው ዝቅ ስላለ ሁሉም ጎንበስ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ከፋይል ሳጥኑ ጀርባ ደግሞ ትንሽ በር አለች፣ በሷ የገባ የተዋናዩ የማልኮቪች ጭንቅላት ውስጥ 15 ደቂቃ ቆይቶ ኒው ጀርሲ፣ አውራ ጎዳና ዳር ዱብ ይላል እያለ ሲንተባተብ ቡናው ይቀዘቅዛል። ያላየው ግን ፉት ይልና፣ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ «ስለ ማንነት ነው» ይላል። አለቀ። ጠረጴዛው ሁሉ ይነቀንቃል።

ወጪውንም አስቡት። ፊልሙ ውስጥ ሰው ጭንቅላት ለመግባት 200 ዶላር ከፍለው ይሰለፋሉ። የኛ ሰው የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ አይቶ አንዱ ጭንቅላት ውስጥ በነፃ ይገባል። 15 ደቂቃ ብሎ ነገር የለም፣ ዓመት ይከርማል። መንገድ ዳር የሚጥለውም የለም። ጭራሽ «እኔ በበኩሌ» ብሎ ነው የሚጀምረው!

ማልኮቪች ራሱ በዚያች በር ሲገባ ምን እንደሚያይ ታውቃላችሁ? ምግብ ቤቱ ሙሉ የሱ ፊት ነው። አስተናጋጁም እሱ፣ ሴቶቹም እሱ፣ ሜኑውም ላይ የተጻፈው ማልኮቪች ማልኮቪች ብቻ፣ የሚወራውም እንደዚያው። ተሳቀቅኩ፣ ከዚያ ግን የኛ ጠረጴዛ ትዝ አለኝ፦ «ጥልቅ ነው።» «በጣም ጥልቅ ነው።» «ጥልቅ።»

ትናንት ዋናውን የፊልም ተንታኛችንን ልፈትነው ብዬ «ዝንጀሮውስ?» አልኩት። ፊልሙ ውስጥ ኤላይጃ የሚባል ቺምፓንዚ አለ፣ የታሰረችውን ሴትዮ ገመድ የሚፈታ። የኛ ሰው ዝንጀሮ መኖሩን ገና ከኔ መስማቱ ነበር። ግን አልደነገጠም። ስኒውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«ዝንጀሮው እኮ» አለኝ «እኛ ነን።»

ሒሳቡን እኔ ከፈልኩለት።