እንግሊዝኛን መማርና በእንግሊዝኛ መማር

ስዊድን ውስጥ እንግሊዝኛ ግዴታ ነው። ልጁ ቢዘገይ ቢዘገይ በ3ኛ ክፍል ይጀምረዋል፤ 6ኛ ሲደርስ ስፓኒሽ፣ ፈረንሳይኛ ወይም ጀርመንኛ ይጨመርለታል። ሒሳቡና ባዮሎጂው ግን በስዊድንኛ ነው። ከጎጃም የሄደ ልጅ ስዊድንኛው ገና ካልጠናለትና ትምህርቱ ከከበደው፣ ትምህርቱን በአፍ መፍቻ ቋንቋው የሚያስረዳው ሰው ይመደብለታል። በአማርኛ! በስዊድን!

ደብረ ማርቆስ ያለው የአክስቱ ልጅስ? ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ይሰጣል፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ደግሞ ከአማርኛው ክፍለ ጊዜ በቀር ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል። ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ ተሸክሞ የሚማር ልጅ ነው። በታችኛው ክፍል በአማርኛ ሲማር «ጎነ ሦስት» እና «ታህት» ያላቸው፣ 9ኛ ሲገባ «ትራያንግል» እና «ዲኖሚኔተር» ይሆኑበታል። መምህሩ አዝኖለት በአማርኛ ያስረዳዋል፤ ማስታወሻው ግን በእንግሊዝኛ ነው፣ ፈተናውም በእንግሊዝኛ። ልጁ ብርሃን አስተፃምሮን አሳምሮ ያውቃል፤ የወደቀው ጥያቄው ስላልገባው ነው። ማርኩ ላይ ግን «ባዮሎጂ አያውቅም» ተብሎ ይመዘገባል።

እኔ የውጭ ቋንቋ ግዴታ ይሁን ባይ ነኝ። ቋንቋውን መማርና በቋንቋው መማር ግን ለየቅል ነው፤ እኛ ሁለተኛውን አስቀድመን አንደኛውን ዘለልነው።

ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። 60 ልጅ ከተቀመጠ፣ መምህሩ ጨርሶ ዝም ቢል እንኳ፣ ለአንድ ልጅ አፉን የሚፈታበት 40 ሴኮንድ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ ከሰሌዳ ይገለብጣል። ፊደላችን እንደሚነገር ስለሚጻፍ «ናይፍ» በማይነበብ «ኬ» መጀመሩ ግራ ያጋባዋል። በአማርኛ «ራበኝ» ይላል፣ ግሱም መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ በእንግሊዝኛ «እኔ» ብሎ ጀምሮ ግሱን ማስከተል አለበት። ይህን በአማርኛ ካላስረዱት ቃል በቃል እየገለበጠ ይኖራል። ሁለት ሁለት አድርጎ ማነጋገር ምንም ወጪ የለውም፤ በ40 ደቂቃ ውስጥ 30ው ጥንድ አንድ ላይ ይናገራል።

በጣም የሚቆጨኝ፣ ጎጃም ማንም ቤቱ የማይናገረውን ቋንቋ፣ ግእዝን፣ በማስተማር የታወቀ አገር መሆኑ ነው። የቅኔ ትምህርት ቤቶቹን ዋሸራን፣ ጎንጅን፣ ዲማን ተመልከቱ። የቅኔ ተማሪው ግሱን ከነእርባታው ያጠናል፤ የግእዙን ምስጢር የኔታ የሚያብራሩለት በአማርኛ ነው። ገና ጀማሪ ሳለ ባለ 2 ቤቱን (ባለ 2 ስንኙን) ቅኔ፣ ጉባኤ ቃናን፣ ራሱ ይቆጥራል፣ ማለትም ይፈጥራል፤ ጥግ ይዞ ሲያወጣ ሲያወርድ ውሎ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል። የትናንቱን መድገም የለም፣ የሌላውንም መውሰድ የለም። ባለ 3 ቤቱን ዘአምላኪየ እያለ ባለ 8 ቤቱ መወድስ ላይ ይደርሳል። ጉባኤ ቃና ሳይሞላለት «ሂድ፣ መወድስ ቁጠር» የሚለው የኔታ የለም።

የእንግሊዝኛው ክፍል ግን ይህንኑ ነው የሚያደርገው። በቀን ሁለት የራሱን ዓረፍተ ነገር ፈጥሮ፣ ተናግሮና ታርሞ የማያውቅ ልጅ፣ በአንድ ክረምት ልዩነት ፊዚክስን፣ ታሪክንና ጂኦግራፊን በእንግሊዝኛ ይቀበላል።

ፖሊሲው እስኪስተካከል ድረስ ቢያንስ የ9ኛ ክፍል መጻሕፍት ከየምዕራፉ ኋላ የቃላቱን አማርኛ ይያዙ፤ «ዲኖሚኔተር» ከሚለው ጎን «ታህት» ተብሎ ይጻፍ። ልጁ ታህትን ያውቀዋል።