ሽማግሌ አትላኩባት

የደሴ ሰዎች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ኮምቦልቻዎችም አታመልጡም።

በግል ክሊኒክና ሆስፒታል የሚሠሩ ልጆቻችን ስሞታ ለማናችንም አዲስ አይደለም። ዲዩቲ ያደረች ነርስ ጠዋት ወደ ቤቷ ልትሄድ ስትል ተተኪዋ ትቀራለች። «ዛሬን ብቻ» ይሏታል። ትውላለች። የሠራችው ትርፍ ሰዓት የትም አይጻፍም። የላብራቶሪው ልጅ ዋናውን ዲግሪ አስይዞ ነው የተቀጠረው። ልልቀቅ ቢል የሥራ ልምድ አይሰጡትም። የጽዳት ሠራተኛዋ መርፌ ሲወጋት ወዴት እንደምትሮጥ የነገራት የለም። የኤችአይቪ መከላከያው ግን በ72 ሰዓት ውስጥ ካልተጀመረ አይሆንም።

ይህ የባለቤቶቹ ጥፋት ነው። እኔ ግን ዛሬ የመጣሁት ወደ እናንተ ነው።

ልጅቱ አንድ ቀን ጨክና «እከሳለሁ» ስትል ምን ታደርጋላችሁ? ሽማግሌ ትልካላችሁ። «ያገር ልጅ ነው፣ ተይው። በ2014ቱ ጦርነት ተዘርፎ እንደገና የቆመ ሰው ነው።» መዘረፉስ እውነት ነው። በዚያ ጊዜ በሁለቱ ከተሞች ብዙ ተዘርፏል። ግን የነርሷ ቤትስ ተርፎ ነበር? እሷን ማን ሽማግሌ ላከላት?

ሽምግልናን አልነቅፍም። ደም ያደረቁ ሽማግሌዎች አገር ነን። ግን ሽማግሌ የሁለቱንም ደጅ ይረግጣል። በዚህ ጉዳይ የሚረገጠው የልጅቱ ደጅ ብቻ ነው። ባለቤቱ ዘንድ ገብቶ «የትርፍ ሰዓቷን ክፈላት» ያለ ሽማግሌ ካለ ይንገረኝ፣ ፒያሳ ቡና እጋብዘዋለሁ።

የምታመጡት ጉዳት ደግሞ ከይሉኝታ ያልፋል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ካለበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ጊዜው አልፏል ተብሎ ይቀራል ማለት ነው። ያለአግባብ ተባርሬያለሁና ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ደግሞ ያለው 3 ወር ብቻ ነው። አሁን አስቡት። «ከጾሙ በኋላ እንነጋገራለን» ትላላችሁ። ከዚያ ሐዘን ይመጣል፣ ሠርግ ይመጣል፣ አንዱ ሽማግሌ አዲስ አበባ ይሄዳል። ስድስት ወር እንዲህ ያልቃል። ልጅቱ ሽማግሌ አክብራ የጠበቀችበት ጊዜ ገንዘቧን ይበላባታል። ይህን አውቀው ሽማግሌ የሚልኩ ባለቤቶችም አሉ። እናንተ ሳታውቁ ትላካላችሁ።

ደግሞስ ለማስታረቅ ምን አለው? ሕጉ በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 48 ብሎ ቆርጧል። ትርፍ ሰዓት ማታ ከ4 እስከ ንጋት 12 ሰዓት ከሆነ የሰዓቱ ደመወዝ በ1.75 ይባዛል። በሕዝብ በዓል ከሆነ በ2.5። የመውሊድም የጥምቀትም ተረኛ ይህ ይገባታል። ከደመወዟ ለጡረታ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። ቆርጦ ያላስገባ ሰው ሰረቀ ይባላል። ለሌባና ለተሰረቀ እርቅ ከማውረድ በፊት ዕቃው ይመለስ።

ታካሚዎችም ተረጋጉ። ከወረኢሉ ወይም ከኩታበር ሕመምተኛ ይዞ የመጣ ሰው ቢቆጣ አልፈርድበትም። ግን «ከፍያለሁ እኮ!» ብላችሁ የምትጮኹባት ልጅ ገንዘባችሁን አላየችውም። ሁለት ሌሊት ሳትተኛ የልጃችሁን መድኃኒት መጠን የምታሰላውም እሷው ናት። ጩኸታችሁን ቢሮ ላለው ሰው አድርጉት። «ይቺ ልጅ ስንት ሰዓት ሆናት?» ብላችሁ ጠይቁልኝ።

እናንተ ጋውን የለበሳችሁትም ዝም አትበሉ። በሻይ ሰዓት ማማት ብቻ ምን ይሠራል? የሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋም 10 ሰው ይበቃል። ክሊኒካችሁ ትንሽ ከሆነ ከሌላው ክሊኒክ ሠራተኛ ጋር ሆናችሁ ጠቅላላ ማኅበር ማቋቋም ትችላላችሁ፤ ሕጉ ይፈቅዳል። የማኅበር አባል በመሆን ሰው ማባረርም ሕገወጥ ነው። አድማ ግን አይቻልም። ሆስፒታልና ክሊኒክ በአዋጁ እጅግ አስፈላጊ አገልግሎት ናቸው፣ ሥራ ማቆም ተከልክሏል። ያ ክልከላ ትክክል ይመስለኛል፤ በሽተኛ ተኝቶ እያለ ጥሎ አይወጣም። ግን አድማ የተከለከለ ሰው የቀረው ድርድር፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድና ፍርድ ቤት ነው። እሱንም መንገድ በሽማግሌ ስትዘጉበት የት ይሂድ?

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ባለቤት «እባካችሁ ልጅቱን አናግሩልኝ» ቢላችሁ፣ መጀመሪያ የሥራ ሰዓት መዝገቡን አምጣ በሉት። ካመጣ ቁጭ ብላችሁ አብራችሁ ደምሩ። «የለኝም» ካለ ተነሱና ሂዱ። በመንገዳችሁም ልጅቱን ቶሎ ፍርድ ቤት መዝገብ ክፈቺ በሏት።