ከኮምፒውተሩ ጋር የመጣ ሰው

ሰሞኑን ቢዝነስ ካርድ ላሠራ አንድ ማተሚያ ቤት ገባሁ። ጠባብ ክፍል ናት። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ ግድግዳው ላይ የሠርግ ጥሪ ካርድ ናሙና በመደዳ ተለጥፏል። ልጁ ፈጣን ነው፤ የአማርኛውን ጎን ወዲያው ጨረሰው። እንግሊዝኛው ላይ ሲደርስ የፎንት ዝርዝሩን ከፍቶ በማውሱ ቁልቁል መንዳት ጀመረ።

«ኮፐርፕሌት ይሁንልዎት ጋሼ። ጠበቆች ይሄን ነው የሚወዱት።»

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ቢሆንም ማን እንደሠራው ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሁት። ቀና ብሎ አየኝ። «ማንም አልሠራውም። ከኮምፒውተሩ ጋር የመጣ ነው።»

አልፈረድኩበትም። ውሃ ከቧንቧ ይመጣል፣ ፎንት ከኮምፒውተር ይመጣል፤ አብዛኞቻችን የምናስበው እንዲሁ ነው። ኮፐርፕሌት ጎቲክን ግን በ1901 የሣለው ሰው ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ፍሬደሪክ ጉዲ ይባላል፤ አሜሪካዊ ነው። እዚያው ዝርዝር ውስጥ ዝቅ ቢል «ጉዲ ኦልድ ስታይል» የሚል ያገኝ ነበር። ያኛው ስሙን ይዟል፣ ኮፐርፕሌት አልያዘም። የዛሬው ወሬዬ ስለዚህ ልዩነት ነው።

ጉዲ በሙያ ጓደኞቹ ዘንድ ዝና ወዳድ ተብሎ ይታማ ነበር። ንግግር ያበዛል፣ ሽልማት አይጠላም፣ ፊደሎቹን በስሙ ይጠራል ይሉታል። ሐሜቱ ውሸት አልነበረም። እኔ ግን ደግ አደረገ ባይ ነኝ። በእርሳስ ፊደል ዘመን ፊደል ለሚሥል ሰው ከስሙ ሌላ በእጁ የሚቀርለት ንብረት አልነበረም።

እርሳስ ስል ማዕድኑን ነው። ጉዲ ሁለቱንም እርሳስ ያውቅ ነበር። በአንዱ ሥሎ በሌላው አሳትሟል።

የተወለደው በ1865 ነው፣ ኢሊኖይ ውስጥ ብሉሚንግተን ከተማ። ልጅ ሳለ ከወረቀት ፊደል እየቆረጠ የሰንበት ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ የመጽሐፍ ቅዱስ ቃል ይለጥፍ ነበር። ሲያድግ ቺካጎ ገባና ሒሳብ መዝገብ ያዥ ሆነ። ሠላሳ ዓመት ሲሞላው ትንሽ ማተሚያ ቤት ሞከረ። በ1896 የእንግሊዝኛውን ትልልቅ ፊደላት ብቻ ሣለና ቦስተን ላለ ፊደል አምራች ኩባንያ በፖስታ ላከ። አምስት ዶላር ነበር የጠየቀው። ዐሥር ላኩለት።

ይህችን ታሪክ ሰዎች የሚያወሯት እንደ መልካም አጋጣሚ ነው። እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ዐሥሯ ዶላር ተከፈለች፣ ነገሩ አለቀ። ያኔ ፊደል እንደ ሥጋ በሚዛን ነበር የሚሸጠው። ኩባንያው የቱንም ያህል ቢሸጥ ወደ ሠዓሊው የሚመለስ ሳንቲም የለም።

ሥዕል እንዴት ብረት እንደሚሆን ማወቅ እዚህ ላይ ይጠቅማል። የጥንቱ መንገድ የእጅ ነው። ባለሙያው የብረት ዘንግ ጫፍ ላይ ፊደሉን በትክክለኛ መጠኑ፣ በመስታወት እንደሚታይ ገልብጦ ይቀርጻል። የምስር ፍሬ በምታህል ቦታ ላይ በሞረድና በመቅረጫ ይታገላል። ያንን ዘንግ መዳብ ላይ ይመታዋል፤ መዳቡ ውስጥ ፊደሉ ሰርጎ ይቀራል። ይህ የሰረጎደ መዳብ ማትሪክስ ይባላል። ከዚያ እርሳስ፣ ቆርቆሮና አንቲሞኒ ቀላቅሎ አቅልጦ ማፍሰስ ነው። ፊደል ለቃሚው አንድ በአንድ እየለቀመ መስመር የሚሠራው ከዚህ በወጣው ነው።

በ1880ዎቹ ሊን ቦይድ ቤንተን የሚባል አሜሪካዊ ይህን ሥራ ለማሽን ሰጠው። የማሽኑ አንድ ክንድ ትልቁን ቅርጽ እየተከተለ ሲዞር፣ ሌላው ክንድ ያንኑ አሳንሶ ብረት ላይ ይቀርጻል። ጉዲን የመሰለ፣ ብረት ነክቶ የማያውቅ ሰው ፊደል ሠሪ ሊባል የቻለው በዚህ ማሽን ነው። ችግሩም ከዚሁ ይመጣል። ሥዕሉን ለፋብሪካ ካስረከብክ በኋላ የፋብሪካው ሰዎች ያሻቸውን ቢያደርጉት አታያቸውም።

ሌባውም አለ። የፊደል ሌብነት በጣም ቀላል ነበር። ተፎካካሪህ የሸጠውን ፊደል ትገዛለህ። መዳብ የሟሟበት ፈሳሽ ውስጥ ትነክረውና ኤሌክትሪክ ትለቅበታለህ። መዳቡ ፊደሉ ላይ እየተለጠፈ ይወፍራል። ስታላቅቀው ማትሪክስ ሆኖ ታገኘዋለህ። ሠዓሊ አልቀጠርክ፣ ቀራጭ አልከፈልክ። ሕጉም ቢሆን ብዙ አያስጨንቅህም። ለንድፍ የሚሰጥ ፓተንት ነበር፣ ግን ዕድሜው አጭር ነው። የቅጂ መብትማ አሜሪካ ውስጥ ዛሬም የለም፤ በ1978 አንድ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የፊደል ቅርጽ በቅጂ መብት አይጠበቅም ብሎ ወስኗል።

ስሙን ግን በመዳብ ነክሮ የሚያወጣ የለም።

ጉዲ ይህ የገባው ዘግየት ብሎ ይመስለኛል። በ1908 ኒው ዮርክ ውስጥ ከሚስቱ ከበርታ ጋር ይሠራበት የነበረው ማተሚያ ቤት ሕንፃው ሲቃጠል አብሮ ወደመ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሚቸል ኬነርሊ የሚባል አሳታሚ የኤች ጂ ዌልስን የአጫጭር ልቦለድ መጽሐፍ እንዲያዘጋጅለት ሰጠው። ጉዲ ገጹን በነበረው ፊደል አስለቅሞ አየው፤ አልጣመውም። ፊደሎቹ ተራርቀው፣ ገጹ የሳሳ ሆነበት። ሌላ ሰው ቢሆን ሌላ ፊደል ይመርጥ ነበር። እሱ አዲስ ሣለ። ቺካጎ የነበረው ሮበርት ዊብኪንግ ማትሪክሱን ቀረጸለት። «ኬነርሊ» የተባለው ፊደል እንዲህ ተወለደ፤ ጉዲም ለኩባንያ ከመስጠት ራሱ መሸጥ ጀመረ። ዕድሜው 46 ነበር። ከዚህ በፊት የነበረው ሁሉ መንደርደሪያ ነው ማለት ይቻላል።

በ1915 ትልቁ ኩባንያ፣ የአሜሪካ ፊደል አምራቾች፣ ጉዲ ኦልድ ስታይልን አወጣ። እዚህ ላይ አንድ ነገር በቅርብ እናስተውል። ከመስመር በታች ጭራ የሚያወርዱ የእንግሊዝኛ ፊደላት አሉ። ኩባንያው ፊደሎቹ ሁሉ የሚቀመጡበት አንድ ወጥ የመስመር ልክ ነበረው። የጉዲ ጭራዎች ከልኩ አለፉ። ስለዚህ አሳጠሯቸው። ጉዲ ሳይወድ ነው የተስማማው፤ ኋላም ይቆጨው ነበር። ዛሬ ኮምፒውተርህን ከፍተህ ያንን ፊደል ብታየው ጭራው ቁርጥ ያለ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው የቢሮ ክርክር እዚያው ቆሞልሃል።

ፊደሉ ገበያ ላይ ተወደደ። ኩባንያው ቤተሰብ ያበዛለት ጀመር። ወፍራሙን «ጉዲ ቦልድ» የሣለው ግን ጉዲ አይደለም። የማሽኑ ፈልሳፊ ልጅ፣ የኩባንያው ተቀጣሪ ሞሪስ ፉለር ቤንተን ነው።

ቤንተን ኢንጂነር ነው፤ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተምሯል። ዝምተኛ ሰው ነበር ይባላል። በስሙ የሚቆጠሩት ቅርጾች ከ200 በላይ ናቸው። ፍራንክሊን ጎቲክ የእሱ ነው። ኒውስ ጎቲክ የእሱ ነው። ሴንቸሪ ስኩልቡክም እንዲሁ። ከእነዚህ አንዱንም አይተህ አታውቅም ብትለኝ አላምንህም። ስሙንስ ሰምተኸው ታውቃለህ? ከእነዚህ አንዱም ቤንተን አይባልም። ይባስ ብሎ የእጁን ሥራ የጉዲ ስም ወሰደው። ኩባንያው ይህን ያደረገው ለጉዲ አዝኖ አይመስለኝም። ስሙ ይሸጥ ስለነበር ነው። ቤንተን ደመወዙን ተቀብሎ ቤቱ ገባ። እንግዲህ ጉዲን ዝና ወዳድ የሚሉት ሰዎች ይህን ይመልሱልኝ፤ ዝምታ ለቤንተን ምን አተረፈለት?

የስም ነገር ከተነሳ ጉዲ ራሱም አንድ ጊዜ ተሸውዷል። በ1920 ላንስተን ሞኖታይፕ የሚባለው ኩባንያ የጥበብ አማካሪ አደረገው። በ1921 የ16ኛው መቶ ዘመን ፈረንሳዊ የክሎድ ጋራሞንድ ነው የተባለ ፊደል አስመስሎ ሣለ። ሁሉም የጋራሞንድ ነው ይል ነበር። በ1926 ፖል ቦዦን የተባለ ጸሐፊ ተነሥቶ የለም፣ ይህ ፊደል ጋራሞንድ ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ ዣን ዣኖን የሠራው ነው ብሎ በማስረጃ አሳየ። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ፖል ቦዦን የሚባል ሰው የለም። ጸሐፊዋ ቢያትሪስ ዋርድ የምትባል ሴት ናት፤ በወንድ ስም ነበር የጻፈችው። የተቀማ ስም ያስመለሰችው ስሟን ደብቃ ነው።

ከሴቶቹ ከተነሣን በርታ አትታለፍም። ባልና ሚስቱ ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ማርልቦሮ በሚባል ቦታ፣ ዲፕዲን ብለው በሰየሙት ቤት ይኖሩ ነበር። አጠገቡ አሮጌ ወፍጮ ቤት አለ፤ ወርክሾፕ አደረጉት። የቤቱን መጻሕፍት ፊደል በአብዛኛው የምትለቅመው በርታ ናት። ቆማ፣ አንድ በአንድ። ጉዲ በስድሳ ዓመቱ ገደማ መቅረጫ ማሽን አስገባና ማትሪክሱንም ራሱ ይቀርጽ ጀመር። ፊደሉን በትልቁ ይሥላል፣ ከወፍራም ወረቀት ቆርጦ ያወጣል፣ በዚያ ልክ የብረት ሞዴል ይቀርጻል፣ ከዚያ በማሽኑ አሳንሶ ወደ ማትሪክስ ያወርደዋል። ያ ለሰንበት ትምህርት ቤት ግድግዳ ወረቀት ይቆርጥ የነበረ ልጅ አሁንም ወረቀት ይቆርጣል። ከእንግዲህ ጭራ የሚያሳጥርበት ፋብሪካ የለም።

በርታ በ1935 ሞተች። በዓመቱ የሣለውን ፊደል «በርታም» ብሎ ሰየመላት። መቶኛው ነው ብሎ ቆጥሮታል። ቆጠራው ላይ ትንሽ ያጭበረብራል፤ ቀጥ ያለውን አንድ፣ ዘመም ያለውን ደግሞ ሌላ አንድ እያለ ነው ከ120 በላይ ያደረሰው። ይሁንለት።

ጥር 1939 ወፍጮ ቤቱ ተቃጠለ። ሥዕሎቹ፣ ሞዴሎቹ፣ ማትሪክሶቹ፣ ማሽኑ፣ ሁሉም ዐመድ ሆነ። ዕድሜው 73 ነው። ወደ ማንም ኩባንያ ያልሄዱና እዚያ ብቻ የነበሩ ፊደላት ተመልሰው አልተገኙም። እሱ ግን ከዚያም በኋላ ሥሏል። በ1947 ነው የሞተው።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ሐሳቤ ወደ እኛው ፊደል መሄዱ አልቀረም። በግእዝ ፊደል መጀመሪያ የታተመው መጽሐፍ መዝሙረ ዳዊት ነው፤ ሮም፣ 1513። ያሳተመው ዮሐንስ ፖትከን የሚባል የኮሎኝ ሰው ነው፤ ግእዙን እዚያው ሮም ከነበሩ ኢትዮጵያውያን ተማረ። የእሱን ስም በየመጽሐፉ እናገኘዋለን። ጉዲ በዐሥር ዶላር የሸጣቸው ፊደላት 26 ናቸው። ግእዝ ከነዲቃሎቹ ከ200 ያልፋል፤ ያኔ ደግሞ ቤንተን ማሽን የለም፣ ሁሉም በእጅ ነው። «ሀ»ን እና «ሁ»ን፣ «ጰ»ን እና «ጱ»ን ለየብቻ ብረት ላይ የታገለው ሰው ማን ነበር? ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። እሱም ከኮምፒውተሩ ጋር የመጣ መሆን አለበት።

ዛሬ የአማርኛ ፎንት የሚሠሩ ወጣቶች ነጻ ማውረጃ ላይ ሲለቁ ስማቸውን ለማስገባት ሲያፍሩ አያለሁ። «አቢሲኒያ ምናምን» ብለው ይሰይሙትና ይጠፋሉ። እባካችሁ አትፈሩ። ስማችሁን በደማቁ ጻፉበት። ገንዘቡን ባታገኙ እንኳ አንድ ቀን አንድ ደንበኛ ይጠይቃል።

ወደ ማተሚያ ቤቱ ልመለስ። ልጁን ጉዲ ኦልድ ስታይል ይሁንልኝ አልኩት። መረጠው፣ ስሙን አየ፣ ሳቀ። «ጉዲ? ስሙ ራሱ ጉድ ነው። ምን ማለት ነው?»

የሰው ስም ነው አልኩት። በአጭሩ አወራሁለት፤ እሳቱ ላይ ስደርስ «ወይኔ» አለ። መቶ ካርድ ታተመ። ሒሳብ ልከፍል ስል ቀጣዩ ደንበኛ ገባ፤ የበርገር ቤት ባነር ነው የሚፈልገው። ልጁ ያንኑ ዝርዝር ከፈተና ከኔ ፊደል ሥር ያለውን አየ። ጉዲ ስታውት ይላል። ጉዲ በ1930 ለማስታወቂያ ሰዎች ብሎ የሣለው፣ ሆዱ የተነፋ፣ ጥቁር፣ ግዙፍ ፊደል ነው። ኋላ ራሱ በድክመት ቅጽበት የሠራሁት ነው ብሎ ጽፏል።

«ጋሼ፣ ይሄም የሰውዬው ነው አይደል?» አለኝ ዞር ብሎ።

አዎ አልኩት። ምን ላድርግ፣ ስሙ አለበት።