ቡችላ በወሩ አይሰጥም

«ቡችላ መብላት ከጀመረ በአንድ ወር ዕድሜው መውሰድ ይቻላል» ማለት ሰው ያሳስታል። መብላትና ከእናት መለየት ለየቅል ናቸው። ትንሹ ዕድሜ 8 ሳምንት ነው። ቡችላው የንክሻውን ኃይል መመጠን የሚማረው በነዚያ የመጨረሻ ሳምንታት ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር ሲላፋ ነው፤ ጠንክሮ ሲነክስ ያኛው ይጮህና ጨዋታው ይቋረጣል። ቀድሞ የወጣው አድጎ የልጆች እጅ ሲነክስ «ዘሩ ክፉ ነው» ይባላል።

አስረካቢው የትል መድኃኒት ከ2ኛው ሳምንት ጀምሮ በየ15 ቀኑ፣ የመጀመሪያውን የፓርቮና የዲስቴምፐር (ቡችላን የሚገድሉ የቫይረስ በሽታዎች) ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት አስጨርሶ ካርዱን ይስጥ። (ካርድ ከሌለ እንዳልተከተበ ቁጠሩት።) ተቀባዩ 16 ሳምንት እስኪሞላው በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ ያስደግማል፤ የእብድ ውሻ ክትባት 3 ወር ሲሞላው ነው። በቅርቡ ውሻ በፓርቮ የሞተበት ግቢ ግን ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ አይግባ። ቫይረሱ አፈር ውስጥ ከዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል፤ በረኪና ሲሚንቶውን እንጂ አፈሩን አያጸዳውም።

የለመደውን ምግብ ለሳምንት የሚበቃ ቋጥሩለት፤ አዲሱ በ7 ቀን ውስጥ ቀስ በቀስ ይቀላቀል። አዝነው የሚሰጡት የላም ወተትም ተቅማጥ ሊያመጣ ይችላል።

ርክክቡ ጠዋት ይሁን፣ ከመምሸቱ በፊት ቤቱን እንዲላመድ። ገዢው ሮጦ የመጣለትን ቡችላ ይመርጣል፤ ትንንሽ ልጆች ላሉበት ቤት ግን ረጋ ያለው ይሻላል። «ካልተስማማችሁ ለሌላ አትስጡ፣ ለእኔ መልሱ» የሚለውንም በጽሑፍ አስፈርሙ።