ማስረጃው ይያያዝ

የቅሬ ጸሐፊ መሆን ወሎ ውስጥ ትንሽ ሥልጣን አይደለም። (ሌላው አገር «ዕድር» የሚለውን እኛ «ቅሬ» እንለዋለን፤ ልዩነቱ በስሙ ብቻ ነው ብሎ የሚከራከረኝ ቢኖር አልቀየመውም።) መዝገቡ በእጄ ነው። ማን ከቀብር እንደ ቀረ፣ ማን ለሐዘንተኛው ቤት እንጨት ሳይፈልጥ እንደ ዋለ፣ ማን የወር መዋጮውን «ሰኞ ገበያ ሸጬ እሰጣለሁ» እያለ ሦስት ሰኞ እንዳሳለፈ አውቃለሁ። ወሎ ውስጥ ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች ከአንዱ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ የደረሰኝም በዚሁ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። ደብዳቤው «የግቢውን ማኅበራዊ ሕይወት በማጎልበት ረገድ የላቀ አስተዋጽኦ ያበረከቱ ተማሪዎችንና ክበባትን» ለመሸለም በተቋቋመው ኮሚቴ ውስጥ የማኅበረሰብ ተወካይ ሆኜ እንድሠራ ይጠይቃል። ሁለት ጊዜ ደጋግሜ ካነበብሁት በኋላ የገባኝ፣ ጥሩ ልጆች ፈልጋችሁ አውጡ ማለቱ ነው።

በመጀመሪያው ስብሰባ በየፊታችን አንዳንድ ቅጽ ተቀመጠልን። የሚሞላው ከመቶ ሲሆን፣ አርባው ነጥብ «ለተያያዘ ማስረጃ» የተመደበ ነው፤ ማስረጃ ማለትም ፎቶግራፍ፣ ቪዲዮ፣ የአቴንዳንስ ወረቀትና ማኅተም ያለበት ሪፖርት መሆኑ በግርጌው ተብራርቷል። ሠላሳው ለዕቅድ፣ ሃያው «ለባለድርሻ አካላት ቅንጅት» ተሰጥቷል። የቀረችው ዐሥር «ለተገኘ ውጤት» ናት። አንድ የኮሚቴ አባል ዐሥሯ በዛች ብለው ሐሳብ ሲያቀርቡ ቀልደው መስሎኝ ሳቅሁ፤ ሰውየው ግን አልሳቁም።

መጀመሪያ የታየው ችግኝ የሚተክለው ክበብ ነበር። የሦስት ክረምት ፎቶግራፍ አያይዟል። በሦስቱም ፎቶግራፎች ላይ ሦስት የተለያዩ እንግዶች፣ ክራባታቸውን በአንድ እጅ ወደ ኋላ ይዘው፣ በሌላው እጅ ችግኝ ያወርዳሉ። ዓይኔን አጥብቤ ሳየው ከኋላቸው ያለው አጥር፣ ከአጥሩ ሥር ያለው ድንጋይ፣ ከድንጋዩ አጠገብ ያለው ጉድጓድ በሦስቱም ያው ነው። ችግኙ በየዓመቱ ይደርቃል፤ ጉድጓዱ ግን ጸንቶ ቆይቷል። ሽልማቱ ለጽናት ከሆነ ጉድጓዱ ይቅደም ብዬ አስተያየት ሰጠሁ፤ ቃለ ጉባኤ ያዡ ምን ብሎ እንደ መዘገበው እስከ ዛሬ አላየሁም።

ቀጥሎ የመጣው የበጎ አድራጎት ማኅበር ነው። ለአንድ ችግረኛ ሕፃን አንድ ደርዘን ደብተር ለግሷል። ፎቶግራፉ ላይ ዐሥራ አራት ተማሪዎች ያንኑ ደርዘን ደብተር በየጫፉ ይዘውታል፤ ሕፃኑን ለማግኘት ሁለት ጊዜ መቁጠር ነበረብን፤ በስተ ቀኝ በኩል ጆሮው ብቻ ተገኘ። እዚህ ላይ ዝም ማለት አልቻልኩም። በ1965 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደዚሁ ወደ ወሎ መጥተው በረሃብ የሚያልቀውን ሰው ፎቶግራፍ አንሥተው ነበር። ፎቶግራፎቹ አዲስ አበባ፣ ግቢው ውስጥ ለእይታ ሲቀርቡ ተማሪው ተነሣ፣ መንግሥት ሊሸፍነው የፈለገውም ነገር አደባባይ ወጣ። በእነዚያ ፎቶግራፎች የሚታየው የተራበው ሰው ነበር፤ ያነሣው ሰው አይታይም። ይህን ተናግሬ ስጨርስ ሰብሳቢው በአክብሮት አመሰገኑኝና፣ የፎቶግራፉ ጥራት ጥሩ ስለሆነ ለማኅበሩ ሠላሳ ስምንት ነጥብ እንዲሰጠው ጠየቁ።

ያለ ፎቶግራፍ የቀረቡት ተጠቋሚዎች ግን ራስ ምታት ሆኑብን። አንደኛው የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው፤ የጠቆሙት የዶርሙ ልጆች ናቸው። ልጁ ክርስቲያን ሲሆን፣ በረመዳን ወር ሙሉ ሌሊት እየተነሣ ሙስሊም ጓደኞቹን ለሱሑር ይቀሰቅስ ነበር፤ እነሱም በተራቸው በሁዳዴ ወቅት እሱ ላይብረሪ ሲያመሽ የጾም ምግቡን ከካፌ ተቀብለው ያቆዩለታል። ይህ ወሎ ውስጥ ዜና አይደለም፤ እናቱ ቤትም የሚደረገው ይኸው ነው። ኮሚቴው ማስረጃ አምጡ አለ። ልጆቹ ሄደው ፈልገው ያገኙት አንድ ወረቀት ብቻ ነው፤ እሱም ከጎን ዶርም ያለ አንድ ተማሪ «ይህ ሰው ሌሊት ሌሊት በር እያንኳኳ እንቅልፍ ነሥቶኛል» ሲል ለፕሮክተሩ ያስገባው የክስ ማመልከቻ ነው። ማመልከቻው ቀን አለው፣ ፊርማ አለው፣ ድርጊቱም ያለ ማቋረጥ ሠላሳ ሌሊት መፈጸሙን ያረጋግጣል። እኔ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም ብዬ ተከራከርኩ። ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ሰነዱ በቂ ቢሆንም የዲሲፕሊን ጉዳይ ስለሆነ ወደ ሚመለከተው ክፍል እንዲመራ ተወሰነ፤ ልጁን ሊያሸልመው የመጣው ጥቆማ ሊያስቀጣው ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ለዓይነ ስውር የክፍል ጓደኛዋ ሀንድአውት የምታነብለት አንዲት ተማሪም ነበረች። ስንት ገጽ እንዳነበበች ስላልመዘገበች ታለፈች።

ከሁሉ የቆጨኝ ግን የአንድ ብሎክ ተማሪዎች ጉዳይ ነው። አንዱ ልጅ በፈተና ሰሞን አባቱ ያርፉበታል። የብሎኩ ልጆች ከየኪሳቸው ያላቸውን አዋጡ፤ ትራንስፖርቱን ከፍለው፣ ሁለት ልጆች መድበው፣ መርዶውን ራሳቸው ዘመድ በተገኘበት አረዱት፤ እስከ ቀዬው ሸኝተውት ሲመለሱም ኖቱን ቀድተው አቆዩት። ጥቆማው ሲነበብ ከወንበሬ ተነሥቼ «ይህማ ቅሬ ነው!» አልኩ። ጥያቄው ወዲያው ተከተለ። ክበቡ ተመዝግቧል? አልተመዘገበም። ስም አለው? የለውም። ሎጎስ? ሎጎ የሌለው ስብስብ ሊሸለም እንደማይችል መመሪያው ላይ በግልጽ ተጽፏል ተባለ። ለቅሶ ለመድረስ ሎጎ የሚያስፈልግ ቢሆን ኖሮ የእኔ ሰፈር ሰው እስከ ዛሬ ሳይቀበር በቀረ ነበር።

እኔ እንደሚገባኝ ችግሩ ከልጆቹም ከኮሚቴውም አይደለም፤ ምስጋና ከሥራው ቀድሞ መድረሱ ነው። የቅሬያችን መዝገብ የቅጣት ዓምድ አለው፤ የምስጋና ዓምድ ግን የለውም፤ ቀብር የመጣን ሰው «ስለ መጣህ» ብሎ የሸለመ የቅሬ ዳኛም አላጋጠመኝም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ማገልገል ግዴታው ነበር፤ አብዛኛውም አስተማሪ ሆኖ ይመደብ ነበር። ስለ ሄደ የሚሰጠው ዋንጫ አልነበረም፤ ካልሄደ ግን ዲግሪውን አያገኝም። ይህ በቅሬ ሕግ የተጻፈ ይመስላል። ወሎማ ተማሪን ሲያኖር ዘመናት አልፈውታል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ ጊዜ ሐይቅ እስጢፋኖስ የታወቀ የትምህርት ቦታ ነበር፤ የእስልምና ትምህርት ቦታዎቹ ዳናና ገታም ደረሳ (የእስልምና ተማሪ) ሲያፈሩ የኖሩ ናቸው። የቆሎ ተማሪው «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ደጅ ሲቆም ቁራሽ የሰጠችው ባልቴት፣ ደረሳውንም ያጎረሰው ባላገር፣ ሪፖርት ለማን እንደሚላክ አልጠየቁም።

የሽልማቱ ቀን ደረሰ። ሞንታርቦው ከጠዋት ጀምሮ ይጮኻል፣ ባነሩ ከመድረኩ ይሰፋል። ችግኝ ተካዮቹ አንደኛ ወጡ፤ ደብተር ሰጪዎቹ ሁለተኛ ሆነው ዐሥራ አራቱም ሰርተፍኬቱን እንደለመዱት በየጫፉ ይዘው ፎቶ ተነሡ። ሱሑር ቀስቃሹ አዳራሹ ውስጥ ነበር፤ ወንበር ሲደረድር አየሁት። በመጨረሻም ለኮሚቴው አባላት የምስጋና ወረቀት ተሰጠ። የእኔ ላይ የአባቴ ስም ተሳስቶ የሌላ ሰው ልጅ ሆኛለሁ፤ ቢሆንም ወርቃማ ጠርዝ ስላለው ደስ ብሎኝ በካኪ ፖስታ አድርጌ ወደ ደሴ ተመለስኩ።

ለካ በዚያው ቀን ሰፈራችን ቀብር ነበር። እሑድ ቅሬው ሲሰበሰብ ዳኛው «ጸሐፊያችን የት ዋሉ?» ብለው ጠየቁ። ፖስታውን ከፍቼ የምስጋና ወረቀቱን ዘረጋሁላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት፣ ጠርዙን በጣታቸው ዳሰሱት፣ ገልብጠውም ጀርባውን አዩት።

«ሸጋ ወረቀት ነው» አሉ መልሰው እየሰጡኝ። «ግን አብሽር፣ እዚህ ላይ የተጻፈው ሰው አልቀረም፤ የቀሩት እርስዎ ነዎት።»

መዝገቡን አወጣሁና በቅጣት ዓምድ ሥር ስሜን፣ በትክክለኛው የአባቴ ስም፣ በራሴ እጅ ጻፍኩ።