ጭምትነት ብቻ አይደለም እኮ

አንድ ያነበብኩት ጽሑፍ አቮይደንት ፐርሰናሊቲ ዲስኦርደር (ሰው ይንቀኛል፣ ይጠላኛል በሚል ሥር የሰደደ ስጋት ከሰው የሚያርቅ የስብዕና መታወክ) የሶሻል አንዛይቲ (ሰው ፊት የሚመጣ ከባድ ፍርሃት) ሌላ ስሙ ነው ማለቱ ትንሽ ከነከነኝ። አዎ፣ ይዛመዳሉ። ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ላይ አብረው ይታያሉ፣ ልዩነቱ የክብደት ብቻ ነው የሚሉ ባለሙያዎችም አሉ። ግን ሁሌ አብረው አይመጡም፤ በአሜሪካው የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያም ከ1980 ጀምሮ ለየብቻ ነው የተቀመጡት።

ሶሻል አንዛይቲ ያለባት እህቴ እንግዳ ፊት ቡና ስትቀዳ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ሁሉም የሚያያት ይመስላትና ትሳቀቃለች። እንግዳው ሲሄድ ግን ከእኛ ጋር ስትስቅ ስትጫወት ታመሻለች። አቮይደንት ፐርሰናሊቲ ዲስኦርደር ያለብኝ እኔ ደግሞ ከቤተሰቤም ጋር ሆኜ፣ ውስጤን ቢያውቁት ይጠሉኛል እያልኩ ነው የምኖረው። ጎረቤቴ ቡና ስትጠራኝ «ራሴን አሞኛል» እልና በሩ ጀርባ ቆሜ የሲኒውን ድምፅ አዳምጣለሁ። መሄድ እፈልጋለሁ እኮ! ብቻዬን መሆን ደስ ብሎኝ አይደለም፣ ሰው የማይረዳው ይሄንን ነው።

ሥራ ላይም ያው። ብዙ ሰው የሚያገናኝ ስለሆነ ብቻ እድገት እምቢ ብያለሁ፤ ይሄ ራሱ ከምልክቶቹ አንዱ መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ቤተሰብማ «ጭምት ልጅ» እያለ ያመሰግናል፣ ምን ይደረግ!

የንግግር ሕክምና ይረዳል፣ ግን ቀስ ብሎ ነው፤ ሐኪሟም ትንቀኛለች ብለህ ትሸሻለሃ። እኔ ሁለቴ ቀጠሮ ሰርዣለሁ። በሦስተኛው ሄጄ 20 ደቂቃ ምንጣፉን ሳይ ቆየሁ። እሷም አልቸኮለችም።