ዝናቡ አባራ ብሎ ጣሪያ ማፍረስ

የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም እ.ኤ.አ. በማርች 2025 የወሰነውን ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል። 577 ሚሊዮን ዶላር ተመድቦላቸው የቫይረስ መድኃኒት ይፈልጉ የነበሩ ዘጠኝ የምርምር ማዕከላት ገንዘባቸው ተቋረጠ። ምክንያቱ? ወረርሽኙ አብቅቷል፣ ገንዘቡም አያስፈልግም።

ይሄ ምክንያት ነው? ማዕከላቱ የተቋቋሙት ገና ላልመጣው ወረርሽኝ ጭምር ነው። ዝናቡ አባራ ተብሎ ጣሪያ ይፈርሳል?

ይህን ስህተት አንዴ አይተነዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 የኮቪድ ዘመድ የሆነው ሳርስ ሲነሳ ፋይዘር የቫይረሱን ፕሮቲዬዝ፣ ማለትም ፕሮቲኖቹን የሚቆርጠውን ኢንዛይም፣ የሚያግድ ሞለኪውል ሠርቶ ነበር። ሳርስ ሲጠፋ ሥራው መደርደሪያ ላይ ቀረ። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ! ኮቪድ ሲመጣ ከዚያው ተነስተው ፓክስሎቪድ የተባለውን የኮቪድ ክኒን ሠሩ። ፈቃድ ያገኘው ግን በዲሴምበር 2021 ነው። እስከዚያ ስንቱን ቀበርን? ሥራው ባይቆም ኖሮ ክኒኑ በመጀመሪያው ዓመት እጃችን ይገባ ነበር። ማንም ከዚህ እምነቴ አያነቃንቀኝም።

በፕሮቲዬዝ ላይ የሚሠራው ሁሉ ተሠርቷል የሚሉም አሉ። ኧረ አልተሠራም! ኤችአይቪን እንይ። ቫይረሱ ፕሮቲኖቹን የሚያመርተው እንደ አንድ ረጅም ጨርቅ አያይዞ ነው። መቀሱ፣ ማለትም ፕሮቲዬዙ፣ እዚያው ጨርቁ ውስጥ ተሰፍቷል። ያውም ግማሽ መቀስ ነው፤ 99 አሚኖ አሲድ ብቻ። ሌላ ጨርቅ ላይ ካለ ግማሽ ጋር ይገጥማል። መጀመሪያ ራሱን ቆርጦ ያወጣል፣ ከዚያ ሌላውን ይቆርጣል። ይህ ካልሆነ ቫይረሱ ጥሬ ሆኖ ይቀራል፤ ሰው አይዝም።

ዛሬ ያሉን የፕሮቲዬዝ መድኃኒቶች የተሠሩት ተቆርጦ የወጣውን መቀስ ለመያዝ ነው። ገና ከጨርቁ ያልተላቀቀውን የሚይዙት በጣም በደካማው ነው። አዲስ መድኃኒት መፈለግ ያለበት እዚህ ጋ ነው። እኛም አገር ለዓመታት የተዋጠው የኤችአይቪ መድኃኒት ኤፋቪረንዝ ምን እንደሚያደርግ በቤተ ሙከራ ታይቷል። ግማሾቹን ያለጊዜያቸው ያጋጥማቸዋል። መቀሱ ሴሉ ውስጥ እያለ ይነቃና የተያዘው ሴል ይሞታል። መድኃኒቱ የተሠራው ለሌላ ኢንዛይም ነበር! ይህን ያገኙት የፕሮቲዬዝን አበሳሰል ቁጭ ብለው ያጠኑ ሰዎች ናቸው።

እርግጥ ገንዘቡ የመጣው ከኮቪድ በጀት ነው። ታዲያ ሌላ በጀት ይፈለግለታል እንጂ ሥራው ይገደላል? ቀጣዩ ሳርስ ሲመጣ ከየትኛው መደርደሪያ ላይ ምን ልናወርድ ነው?